የቁልፍ ሣጥን በገዛ ቤት

ለዚህ ሰሌዳ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ከራሴ ጉድ ልጀምር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለኢሜይሌም፣ ለማኅበራዊ መገናኛውም፣ ዘፈን ለማውረድ ለተመዘገብኩበት አንድ የማይረባ ድረ ገጽም የምጠቀመው አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም የእናቴ ስምና የተወለድኩበት ዓመት። ታዲያ አንድ ማለዳ ጂዳ የምትሠራው አክስቴ ደወለችና «ሆስፒታል የተኛው ጓደኛህ ተሻለው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሆስፒታል የተኛ ጓደኛ አልነበረኝም። ለካስ አንዱ በእኔ አካውንት ገብቶ፣ እኔን መስሎ አጫውቷት፣ 3,000 ብር አስልኳት ኖሯል።

ብልሃቱ ተራ ነው። ከአንድ ደካማ ድረ ገጽ የተሰረቀ የኢሜይልና የይለፍ ቃል ዝርዝር በሌሎች ቦታዎች ሁሉ በማሽን ይሞከራል፤ አንድ ቁልፍ አሥር በር የሚከፍት ከሆነ አሥሩም ተከፈቱ ማለት ነው። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ አካውንት የተለያየና ረጅም የይለፍ ቃል ማድረግ ነው። ግን ማን በቃሉ ሊይዘው? እኔ አካውንቶቼን ብቈጥር 31 ሆኑ። ደብተር ላይ እንዳንጽፈው ደግሞ በመኝታ ክፍላችን ደብተር እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱን ዋና የይለፍ ቃል ብቻ አንተ ትይዛለህ፣ ሌላውን ሁሉ እሱ ይፈጥራል፣ ይይዛል፣ ይሞላል።

ከነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቢትዋርደን ነው። የይለፍ ቃሎቹ ከስልክህ ከመውጣታቸው በፊት እዚያው ስልክህ ላይ ይመሰጠራሉ፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ምስጢሩ ብቻ ነው። ሰርቨር ስንል ሌሎች መሣሪያዎች በመረብ እየጠሩ አገልግሎት የሚጠይቁት ኮምፒዩተር ማለታችን ነው። በተለምዶ ሰርቨሩ የኩባንያው ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረና በ2021 ቫልትዋርደን የሚል ስም የያዘ፣ በነጻ የሚሰጥ ቀላል የሰርቨር ፕሮግራም አለ፤ የቢትዋርደንን የስልክና የብራውዘር ፕሮግራሞች እንደ ኩባንያው ሰርቨር አድርጎ ያስተናግዳል። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ይሠራል።

የራስ ሰርቨር ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ ከተባለው የታወቀ ኩባንያ ሰርጎ ገቦች የደንበኞችን የተመሰጠሩ ማኅደሮች ቅጂ ወስደዋል። ብዙ ሀብት አንድ ቦታ ሲከማች ሌባም እዚያው ይሰበሰባል። በራስህ ቤት ያለው ሣጥን ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው አይፈልገውም። ግን እዚህ ላይ አንሳሳት፤ ኩባንያው ሌሊት የሚጠብቅ ሠራተኛ አለው፣ በቤትህ ሰርቨር ግን ዘበኛውም ጠጋኙም አንተ ነህ። አንድ ስልክ ብቻ ላለው ሰው እንዲያውም ሰርቨር አያስፈልገውም፤ ሁሉንም በአንድ የተመሰጠረ ፋይል የሚያስቀምጠው ኪፓስ ይበቃዋል። እኛ አራት ሆነን፣ ስልክም ኮምፒዩተርም ስለምንጠቀም ነው ወደዚህ የገባነው።

የመረጥነው ማሽን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ገና ስላልሞተ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ከዴስክቶፕ የሚሻለው በዚህ ነው። ሊኑክስ ጫንበት፣ ቀጥሎም ዶከር የሚባለውን፣ ፕሮግራሞችን ከነዕቃቸው አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ ጫንን፣ በእሱም ላይ ቫልትዋርደንን አስነሣን። ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት አልፈጀም። ልብ ማለት የሚያስፈልገው «ዳታ» የሚባለው ፎልደር ከእሽጉ ውጭ፣ በላፕቶፑ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፤ እሽጉ በአዲስ ሲተካ ውስጡ የነበረው አብሮ ይሄዳልና።

ሁለት ቀን የፈጀብን ሌላ ነው። ከስልክ ብራውዘር ገብተን አካውንት ለመክፈት ብንሞክር እምቢ አለ። ምክንያቱም ብራውዘሮች ግንኙነቱ የተመሰጠረ፣ ማለትም ኤችቲቲፒኤስ ካልሆነ የመመስጠሪያ መሣሪያቸውን ለገጹ አይሰጡም። ለኤችቲቲፒኤስ ደግሞ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከዳክዲኤንኤስ ነጻ የመረብ ስም ወሰድን፤ ከዚያም ካዲ የሚባለው ፕሮግራም የዳክዲኤንኤስ ተጨማሪው ተጨምሮበት ከሌትስ ኢንክሪፕት ነጻ የምስክር ወረቀት አመጣልን፣ ጊዜው ሳያልፍም ራሱ ያድሰዋል። በዚህ መንገድ ሰርቨሩ ከውስጥ መረባችን ሳይወጣ ትክክለኛ ወረቀት ይይዛል። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ለዓለም ሁሉ የተከፈተ በር ምን ያደርግላችኋል?

ስልኩ ላይ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁን ሰርቨር መርጣችሁ አድራሻውን ጻፉ። አንዱ ጓደኛችን ይህን ዘሎ ኩባንያው ዘንድ ተመዘገበና ግማሽ ቀን ሙሉ እኛ ሰርቨር ላይ ስንፈልገው ዋልን! ሁላችሁም ከተመዘገባችሁ በኋላ አዲስ ምዝገባ የሚፈቅደውን ማስተካከያ ዝጉ። የአስተዳዳሪ ገጹንም ካላስፈለጋችሁ አትክፈቱት።

አሁን ወደ ዋናው የይለፍ ቃል እንምጣ። ይህን ብትረሳ ሰርቨሩ ስለማያውቀው ማንም አያስታውስህም፤ «ረሳሁት» የሚል ቁልፍ ተጭኖ መውጣት የለም። ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙር ስንኝ፣ የልጅ ስም አይሁን። እኛ መዝገበ ቃላት ዘርግተን፣ ገጹንም መስመሩንም በዳይ እየጣልን፣ የማይገናኙ አምስት አምስት ቃላት አወጣን። የእኔ ቃላት እርስ በርሳቸው ስለማይዛመዱ መጀመሪያ ሳቅን፣ ኋላ ግን በሦስት ቀን ለመድኩት። በወረቀትም ጽፌ እናቴ የቤቱን ካርታ ከምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሌላውን የይለፍ ቃል መቀየር ስትጀምሩ ከኢሜይል ጀምሩ፣ የሌላው ሁሉ መክፈቻ በእሱ በኩል ይላካልና።

መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቢዘጋስ? የገባችሁበት ስልክ የተመሰጠረ ቅጂ ይዟል፣ ማንበብ ይቻላል፤ አዲስ መጨመር ወይም ማስተካከል ግን ሰርቨሩ እስኪመለስ መጠበቅ ነው።

ላፕቶፑ ቢሞትስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰንፈው። የመረጃ ቋቱ አንድ የኤስኪውላይት ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ዝም ብሎ ቢገለበጥ የተበላሸ ቅጂ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እኛ በየማታው ሰርቨሩን አቁመን፣ «ዳታ» ፎልደሩን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገልብጠን መልሰን እናስነሣዋለን፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ሌላ ፍላሽ ከግቢ ውጭ ይወጣል። ያልተሞከረ ቅጂን ግን አላምነውም። ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፑን አጥፍተን፣ ፍላሹን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን፣ ሁሉን ከዜሮ ለማስነሣት ሞከርን። 40 ደቂቃ ፈጀ። የጐደለው አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነበር፣ ያን ዕለት ጠዋት ያስገባሁት የራሴ። ማሠልጠኛችን ውስጥ መሞከር የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኮምፒዩተር ክፍሉ ያገኘናል፤ ፍላሽ ይዞ ይምጣ።