የሰቆጣ ንብ አንቴና፦ ስሜት ተቀባዮችን በማይክሮስኮፕ ለማነጻጸር መቅደም ያለባቸው ጥያቄዎች

የኢትዮጵያ የማር ንብ (ኤፒስ ሜሊፌራ) ስንት ንዑስ ዝርያዎች እንዳሉት ተመራማሪዎች አልተስማሙም። አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት አምስት ንዑስ ዝርያዎችን ሲለዩ፣ ማይክስነርና ተባባሪዎቿ በ2011 የአገሪቱን ንብ ሲመንሲስ በሚል አንድ ስም ጠቅልለውታል። ክርክሩ በአብዛኛው ያረፈው በክንፍ፣ በእግር፣ በፀጉርና በቀለም ልኬት ላይ ነው፤ የተለመደው የልኬት ዝርዝር የአንቴናን ስሜት ተቀባዮች (ሴንሲላ) አያካትትም።

ዋግ ኽምራ ይህን ክፍተት ለመፈተሽ የተመቸ ስፍራ ነው። ሰቆጣ 2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በዚያው ዞን ያሉት የአበርገሌና የዝቋላ ቆላዎች ወደ ተከዜ ሸለቆ ያዘቀዝቃሉ። ከመንጠሴ አበባ የሚገኘው ነጭ ማርም የአካባቢው መታወቂያ ነው። አበባው የሚቆይበት ጊዜ አጭር በመሆኑ ንቡ ፈጥኖ ማግኘት ይኖርበታል፤ በዚህም ማሽተት ትልቅ ድርሻ አለው።

የሽታ ዋነኞቹ ተቀባዮች ፕላኮዲያ የሚባሉት ሞላላ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተከበቡ ሰሌዳዎች ናቸው። የሠራተኛ ንብ ፍላጀለም (የአንቴናው ረጅሙ ክፍል) 10 አንጓ ሲኖረው፣ ሰሌዳዎቹ የሚገኙት በመጨረሻዎቹ 8 አንጓዎች ላይ ነው። በአንድ አንቴና ቁጥራቸው 3000 ይጠጋል። ድንጉላው ግን 11 አንጓና ከ15000 በላይ ሰሌዳዎች አሉት፤ በአንጻሩ ባሲኮኒካ የተባሉት ሾጣጣ ተቀባዮች የሉትም። በአንድ ቀፎ ውስጥ ያለው ልዩነት ይህን ያህል ከሆነ፣ ድንጉላና ሠራተኛ የተቀላቀሉበት ናሙና ስለ ደጋና ቆላ ንብ ምንም አይነግረንም።

ከዚህ የሚከብደው የአካል መጠን ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የደጋ ንብ ከቆላው ይገዝፋል፤ የገዘፈ ንብ ደግሞ የሰፋ አንቴናና ብዙ ሰሌዳ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የሰቆጣ ንብ ብዙ ሰሌዳ ተገኘበት ማለት ብቻውን የተሻለ ያሸታል ወይም የተለየ ዝርያ ነው አያሰኝም። ቆጠራው ከአንጓው ስፋትና ከራስ ወርድ ጋር ተያይዞ መቅረብ አለበት። የቀኝና የግራ አንቴና ለየብቻ መመዝገቡም ግድ ነው፤ በማር ንብ የቀኙ በመጠኑ የሚበልጥ የሽታ ተቀባይ እንዳለው ታይቷልና።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በደረቅ አካባቢ ከፕላኮዲያ ይልቅ ትኩረት የሚሹት እርጥበትንና ሙቀትን የሚለኩት ኮኤሎካፒቱላር የተባሉት ተቀባዮች ናቸው። ጥቂትና ጥቃቅን በመሆናቸው በብርሃን ማይክሮስኮፕ ለማየት ያስቸግራሉ፤ በወርቅ የተለበጠ ናሙና በስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ይለያሉ። መሣሪያው የሚያሳየው የውጭውን ገጽ ብቻ ነው፤ በውስጥ ያሉትን ነርቮች ለመቁጠር ስስ ቁራጭና ትራንስሚሽን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ለንጽጽር ማጣቀሻ ከቅርብ ዘመድ የተሻለ የለም። መሬት ውስጥ ጎጆውን የሚሠራው ጣዝማ (ሜሊፖኑላ ቤካሪይ) ከማር ንብ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል፤ ሴቶቹም እንደ ማር ንብ 10 የፍላጀለም አንጓ አላቸው። በአካል ግን በጣም ያንሳል። የሰሌዳው ጥግግት ከመጠን ጋር እንዴት እንደሚለወጥ በጣዝማ ላይ አስቀድሞ ከተለካ፣ በሰቆጣና በአበርገሌ ንቦች መካከል የሚታየው ልዩነት የመጠን ውጤት መሆን አለመሆኑን መለየት ይቀላል። ናሙናው ከእያንዳንዱ ከፍታ፣ በርካታ ቀፎዎችን በማካተት፣ መንጠሴ በሚያብብበት ወቅት ቢሰበሰብ ይመረጣል።