የተናቀው ሲናገር ማን ይሰማዋል?



ስለ ዘረኝነት ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ኃጢአት በነጮች አገር እንጂ በእኛ ዘንድ የሌለ ይመስለናል። በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ ከጣና በስተ ሰሜን ካለው አገር ተነሥተው የተሰደዱ ወገኖቻችንን ታሪክ እናያለን፤ ከዚያም ወደ ሐይቃችን ዳርቻ ተመልሰን ራሳችንን እንመረምራለን።

1. ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም

ቤተ እስራኤላውያን በጎንደር አካባቢ፣ ወለቃንና አምቦበርን በመሳሰሉ መንደሮች፣ በእርሻ፣ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» እያሉ ይጠሯቸው፣ በቡዳነትም ያሟቸው ነበር፤ ለረጅም ዘመን ርስት ተነፍገው ኖረዋል። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ገቡ።

እዚህ በዘራቸውና በሥራቸው የተናቁት፣ እዚያ በቆዳቸው ቀለም ተናቁ። በ1988 ዓ.ም. የለገሱት ደም ከኤድስ ፍርሃት የተነሣ በስውር ይጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ተገለጠ። ጥር 19 ቀን ወደ 10,000 የሚገመቱ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወጣቶች፣ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ድምፃቸውን አሰሙ። ጉዳዩንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን መረመረው።

በ2001 ዓ.ም. መጨረሻም በፔታሕ ቲቅቫ ከተማ ሦስት የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ወደ መቶ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አንቀበልም አሉ። ማኅበረሰቡ ዝም አላለም፤ መንግሥትም ድጎማ እንደሚያቋርጥ አስጠነቀቀ፤ በመጨረሻም ትምህርት ቤቶቹ ልጆቹን ለመቀበል ተስማሙ። የሃይማኖት ስም የተጻፈበት በር እንኳ በወንድም ላይ ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

2. ቅዱስ መጽሐፍና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት አሙት፤ ማርያምም በለምጽ ተመታች። የተናቀችው እንግዳይቱ ሳትሆን የናቀችው ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑት፣ መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «ዝም በሉ፣ አንድነትን አታፍርሱ» አላሏቸውም፤ ሰምተው ሰባት አገልጋዮችን አስመረጡ እንጂ። አንድነትን ያፈረሰው በደሉ ነበር፤ አቤቱታው ግን መልሶ ጠገነው።

2ኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1958 ዓ.ም. ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በዘር፣ በቀለም ወይም በሃይማኖት ምክንያት የሚደረገውን አድልዎ ከክርስቶስ አሳብ ጋር የማይስማማ ነው ሲል ነቅፎታል።

3. በጣና ዳርቻ

የወይጦ ማኅበረሰብ በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ይኖራል። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር ርኩስ ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ ተገለሉ። አደኑ ቀረ፤ ንቀቱ ግን ቀጠለ። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ እንደ እኛው አማርኛ ይናገራሉ። ጎብኚ ሁሉ የደንገል ታንኳቸውን ያደንቃል፤ ሠሪው ግን ይናቃል። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ነገር ግን ባልንጀራህ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ጌታችን በሳምራዊው ምሳሌ መልሶልናል።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ልጆቻችን ከወይጦ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር አንቀመጥም ሲሉ ብንሰማ፣ ወይም አንድ ልጅ ቀለሙ ጠቆር ስላለ «ባሪያ» ተብሎ ቢሰደብ ምን እናደርጋለን? ብዙ ጊዜ ለተሰደበው «ቻለው፣ ትዕግሥት ይሻላል» እንለዋለን። ትዕግሥት ታላቅ ምግባር ነው፤ ሆኖም ተሳዳቢውን ሳንገሥጽ ተሰዳቢውን ብቻ ታገሥ ስንል የበደሉ ተባባሪዎች እንሆናለን። የሚናገረው ልጅ ሰላም የሚያደፈርስ ሳይሆን የተደበቀውን ቍስል የሚያሳየን ነውና፣ አስቀድመን እንስማው፣ ቀጥሎም በደሉን በስሙ እንጥራው፣ ከዚያም ሁለቱን እናስታርቅ።

ለውይይት፦

ሀ) በቤታችን ልጆች የሚሰሟቸው የንቀት ስሞች የትኞቹ ናቸው?
ለ) በቁምስናችን ሳይሰማ የሚቀር አቤቱታ የማን ነው?
ሐ) ማርያም እስክትመለስ ሕዝቡ ጉዞውን አልቀጠለም። የበደለውን ሳንጥል ማረም የምንችለው እንዴት ነው?

ሁሉን በአምሳሉ የፈጠረ አምላክ የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።