ራስን በራስ ማስተዳደርና ማኅበራዊ አገልግሎት፤ ከሰሜን ካናዳ የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

በድርቅም ሆነ በሌላ ምክንያት ከቀየው የተነሣ ሕዝብ ከቀለብና ከመጠለያ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና ንጹሕ ውሃ እንደሚያስፈልገው በሥራው ላይ ለተሰማራ ሁሉ ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እነዚህን አገልግሎቶች ማን ያስተዳድራቸው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአየር ንብረትም በአኗኗርም ከእኛ እጅግ በራቀ አገር ተሞክሮ ይመረምራል። አገሩ በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኘው ኑናቪክ ነው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተመለከተ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. አገሩና ሕዝቡ

ኑናቪክ ከ55ኛው የሰሜን ኬክሮስ በላይ የተዘረጋ ሰፊ ምድር ሲሆን፣ ወደ 14,000 የሚጠጋው ነዋሪው በባሕር ዳርቻ በተመሠረቱ 14 መንደሮች ተበታትኖ ይኖራል። አብዛኛው ነዋሪ ኢኑዊት ነው፤ ቀድሞ በውጭ ሰዎች አንደበት «ኤስኪሞ» ይባል የነበረው ሕዝብ ማለት ነው። ከደቡቡ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ዕቃ የሚደርሰው በአውሮፕላን፣ ወይም በረዶው በሚቀልጥባቸው ጥቂት ወራት በመርከብ ነው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የኖረው አቆስጣ፣ ዓሣና አጋዘን በማደን ሲሆን፣ የተገኘውን ሥጋ ለዘመድና ለጎረቤት ማካፈል የጸና ልማድ ነው።

2. ሕዝቡ ያልመከረበት ሠፈራ

በ1953 እና በ1955 የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ኢኑክጁአክ ከተባለው የኑናቪክ መንደር ቤተሰቦችን አንሥቶ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሰሜን፣ ሬዞሉትና ግሪዝ ፊዮርድ በተባሉ ሥፍራዎች አሠፈራቸው። የተሰጠው ምክንያት በቀድሞው ሥፍራ አደኑ ስለተመናመነ ሕዝቡን ከመንግሥት ዕርዳታ ጥገኝነት ለማላቀቅ ነው የሚል ነበር። ሠፋሪዎቹ አውሬ የሞላበት አገር እንደሚጠብቃቸውና ካልተስማማቸው ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚመለሱ ተነገራቸው። ለተለያዩ ሥፍራዎች እንደሚከፋፈሉ ያወቁት ግን መርከብ ላይ ከወጡ በኋላ ነበር። በደረሱበት አገር በክረምት ፀሐይ ለወራት አትወጣም፤ የአደኑም ስልት እነርሱ ከሚያውቁት የተለየ ነበር። የመመለሱ ተስፋ ሳይፈጸም ቀረ። መንግሥት በ1996 የ10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ካሣ ለመስጠት ተስማማ፤ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2010 ነው።

በዚያው ዘመን የጤና አገልግሎቱም ከሩቅ የሚታዘዝ ነበር። የሐኪሞች መርከብ ከመንደር መንደር እየዞረ ሕዝቡን በራጅ ይመረምራል፤ የሳንባ ነቀርሳ የተገኘበት ሰው ወደ ደቡብ ሆስፒታሎች ይወሰዳል። ከሄዱት መካከል ሳይመለሱ የሞቱ አሉ፤ የት እንደተቀበሩ ያልተነገራቸው ቤተሰቦችም ብዙ ነበሩ። የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዚህ በ2019 ይቅርታ ጠይቀዋል። በሽታው መታከም ነበረበት፤ ሕክምናውም አስፈላጊ ነበር። ጥፋቱ በሽተኛውን እንደ ዕቃ ጭኖ መውሰዱና ለቤተሰቡ ወሬ ማጥፋቱ ነው።

3. የ1975ቱ ስምምነትና የተቋቋሙት አካላት

በ1971 የኩቤክ መንግሥት በጄምስ ቤይ አካባቢ ታላቅ የውሃ ኃይል ማመንጫ እንደሚሠራ ሲያስታውቅ፣ በምድሩ ላይ የሚኖሩት የክሪና የኢኑዊት ሕዝቦች አልተጠየቁም ነበር። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ1973 አንድ ዳኛ ሥራው እንዲቆም አዘዙ፤ ትእዛዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በይግባኝ ቢታገድም መንግሥት ለድርድር ተገደደ። ኅዳር 1975 የጄምስ ቤይና የሰሜን ኩቤክ ስምምነት ተፈረመ።

በስምምነቱ መሠረት እያንዳንዱ መንደር ከንቲባና ምክር ቤት የሚመርጥበት ሥርዓት ተዘረጋ። በ1978 የካቲቪክ ክልላዊ አስተዳደር ተቋቋመ። ትምህርትን የሚመራ ቦርድ፣ ጤናንና ማኅበራዊ አገልግሎትን የሚመራ አካል፣ የካሣውንም ገንዘብ የሚያስተዳድር ማኪቪክ የተባለ ድርጅት ተመሠረቱ። ልጆች የመጀመሪያዎቹን የትምህርት ዓመታት በራሳቸው ቋንቋ በኢኑክቲቱት እንዲማሩ ተደረገ። ሆኖም ስምምነቱ ሕዝቡ በምድሩ ላይ ያለውን ጥንታዊ መብት እንዲተው የሚጠይቅ ስለነበር፣ የፑቪርኒቱክና የኢቩዪቪክ መንደሮች አንቀበልም ብለዋል።

4. ሁለት አገልግሎቶች በምሳሌነት

ሀ. የወሊድ አገልግሎት። ከ1986 በፊት በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትኖር ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ጊዜ ሳይደርስ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ትላክ ነበር። ቋንቋዋን በማይናገሩ ሰዎች መካከል፣ ከባልዋና ከልጆቿ ተለይታ ለሳምንታት ትቆያለች። የመንደሩ ሴቶች ይህ እንዲቀር በመጠየቃቸው በ1986 በፑቪርኒቱክ የወሊድ ማዕከል ተከፈተ። ከደቡብ የመጡ ልምድ ያላቸው አዋላጆች ከመንደሩ የተመረጡ ሴቶችን በሥራ ላይ አሠለጠኑ። እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር የት ብትወልድ እንደሚሻል አዋላጆች ከሐኪሞች ጋር ተመካክረው ይወስናሉ፤ አደጋ የሚያሰጋት ትላካለች፣ ሌላዋ በአገሯ ትወልዳለች። ተመሳሳይ ማዕከል በ1998 በኢኑክጁአክ፣ በ2004 በሳሉዊት ተከፍቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ስምምነቱን ያልተቀበለው መንደር የዚህ ሥራ ጀማሪ መሆኑ ነው። ወረቀት ተቋም ይፈጥራል፤ አገልግሎቱን የሚያቆመው ግን የሕዝቡ ጥያቄ ነው።

ለ. የአዳኞች ድጋፍ። በ1982 በወጣው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ መንደር ለአደን ድጋፍ የሚውል በጀት ያገኛል። መንደሩ ከአዳኞች ሥጋና ዓሣ ይገዛና በጋራ ማቀዝቀዣ ቤት ያኖራል፤ ለችግረኞችና ለአረጋውያን ያድላል። በዚህ አሠራር ዕርዳታው ከውጭ በሚመጣ እህል ፈንታ ከአገሩ ምርት ይሰጣል፤ የማካፈል ልማዱ ይጠበቃል፤ አዳኙም የሥራው ዋጋ ይከፈለዋል።

5. ያልተፈቱ ችግሮች

ተሞክሮው እንከን አልባ ነው ብሎ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። በ2007 የኩቤክ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት በኑናቪክ የሕፃናት ጥበቃ አገልግሎት ላይ ከባድ ጉድለቶችን አመልክቷል። ተቋሙ በአካባቢው ቢገኝም ሕጉና አብዛኛው ባለሙያ የደቡብ ነበሩ። ለምሳሌ የእኛን ጉዲፈቻ የሚመስለውን የኢኑዊት ልማዳዊ ልጅ አሳዳጊነት የኩቤክ ሕግ ዕውቅና የሰጠው በ2017 ብቻ ነው። የቤት እጥረትና የሳንባ ነቀርሳም ዛሬ ድረስ አልተወገዱም። በ2011 ተቋማቱን በአንድ መንግሥት ሥር ለማጠቃለል የቀረበውን ዕቅድ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ድምፅ ሰጪ ውድቅ አድርጎታል፤ ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ዕቅዱ በቂ ሥልጣን አይሰጥም ይሉ ነበር።

6. ለሥራችን የሚጠቅም ትምህርት

በአገራችንም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲዛወር፣ ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው መወሰዳቸውና ቤተሰቦች መለያየታቸው ይታወሳል። ስለዚህ ከላይ የተገለጸው ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከእርሱም የሚከተሉት ነጥቦች ይወሰዳሉ።

አንደኛ፣ ለሠፋሪ የተሰጠ የመመለስ ቃል በጽሑፍ ሊሰፍርና የሚፈጸምበት በጀት ሊያዝለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ለሕክምና ከቤተሰቡ የሚለይ ሰው የት እንዳለ በመዝገብ ተይዞ ለዘመዶቹ ሊነገር ይገባል። ሦስተኛ፣ ለጤናና ለትምህርት ሥራ የሚሠለጥኑት ከሠፋሪውና ከነባሩ ሕዝብ መካከል፣ በሕዝቡ ምርጫ መሆን አለባቸው። አራተኛ፣ ኮሚቴ ማቋቋም ብቻውን ሥልጣን ማስረከብ አይደለም፤ በጀቱንና ደንቡን የመወሰን መብት አብሮ ካልተሰጠ ኮሚቴው ትእዛዝ አስተላላፊ ሆኖ ይቀራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ጣቢያ ከሚሰጡት አገልግሎቶች መካከል ሕዝቡ ራሱ የሚወስንበት የትኛው ነው?
2. ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የተላከ በሽተኛ ወሬ ለቤተሰቡ የሚደርሰው በማን በኩል ነው?
3. ከውጭ ከሚመጣው ቀለብ ውስጥ በአካባቢው ከሚመረት እህል ተገዝቶ ሊተካ የሚችለው ምን ያህሉ ነው?