የልብ ምት ቆጣሪ ሰዓትና ሁለቱ ጣቶች

ልብ በደረታችን ውስጥ፣ ከመካከል ወደ ግራ አዘንብላ ትገኛለች። መጠኗ የባለቤቷን የተጨበጠ እጅ ያህላል። ሥራዋ ደምን ወደ መላው አካል መግፋት ነው። ስናርስ ትሠራለች፤ ስንተኛም ትሠራለች። በሬ ቀንበር ሲወርድለት ያርፋል። ልብ ግን በአንዱ ምትና በሌላው ምት መካከል ካላት ጥቂት ፋታ በቀር ዕረፍት የላትም።

ልብ በመታች ቁጥር ደም በደም ሥሮች ውስጥ ይገፋል። ይህ ግፊት የእጅ አንጓ ላይ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ድሮም እናቶቻችን የታመመ ሰው እጅ ይዘው «ትርታው ፈጠነ» ይሉ ነበር። ታዲያ ፈጠነ ማለት ስንት ነው? ይህን ለመመለስ ቁጥርና ሰዓት ያስፈልጋል። ቁጥሩን ተምረናል። አሁን ስለ ሰዓቱ እንነጋገር።

የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ለበዓል ሲመጣ ለአባቱ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይዞ መጣ። ልጁ ቁጭ ብሎ የሚውልበት ሥራ ስላለው ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፤ ሲሮጥም ይህን የመሰለ ሰዓት ያስራል። «ዋጋው ከአንድ በግ ዋጋ ያነሰ ነው» አለን። እኛም «ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ውሎ ለመሮጥ ሰዓት መግዛት!» ብለን ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን ሁላችንም ልናስረው ጓጉተን ነበር።

ሰዓቱ አዲስ ይምሰል እንጂ ሐሳቡ የቆየ ነው። ጆን ፍሎየር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1707 ዓ.ም. ስለ ልብ ምት አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል። ይህ ሐኪም ለአንድ ደቂቃ ብቻ ሄዶ የሚቆም ሰዓት አሠርቶ በዚያ የበሽተኞቹን ምት ይቆጥር ነበር። በ1982 ደግሞ በፊንላንድ አገር ፖላር የተባለ ድርጅት ያለ ሽቦ የሚሠራ፣ በእጅ የሚታሰር የልብ ምት ቆጣሪ አወጣ። ሯጩ ደረቱ ላይ መቀነት ይታጠቃል፤ መቀነቱ ከልብ የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል እየተቀበለ ለሰዓቱ ያስተላልፋል።

የጎረቤታችን ሰዓት መቀነት የለውም። ጀርባውን ገልብጠን ስናየው አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ ስትመታ በቆዳ ሥር ያለው ደም ለአፍታ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ብዙ ብርሃን ይዋጣል፣ ወደ ሰዓቱ የሚመለሰውም ያንሳል። ሰዓቱ ይህን መብዛትና ማነስ እየተከተለ ይቆጥራል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ባለቤቱ ደጁ ላይ አረፍ ብሎ ሳለ ሰዓቱ 68 አለ። ከምንጩ እስከ ቤቱ ያለውን ዳገት ከወጣ በኋላ 131 አለ። ሲያርስ ግን አንዴ 92፣ አንዴ 150 ይላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ቁጥር አያወጣም። ምክንያቱን በኋላ ልጁ ነገረን። ሰዓቱ ላልቶ ነበር፤ እርፍ የያዘ እጅ ደግሞ አንድ አፍታ አይረጋም። ሰዓቱ የእጁን መነቅነቅ ከልብ ምት ጋር አምታታው። ስለዚህ ከእጅ አንጓ አጥንት ጥቂት ወደ ክንድ ከፍ አድርጎ፣ ሳያላሉም ሳያጠብቁም ማሰር ይገባል። እጅ በብርድ ሲደነዝዝም ቆዳ ሥር ያለው ደም ስለሚቀንስ ሰዓቱ ሊሳሳት ይችላል።

ሰዓቱ መሳሳቱን የምናውቀው በምንድን ነው? በጣታችን ነው።

በጣት መቁጠር እንዲህ ነው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ብሎ ማረፍ ያስፈልጋል። ቡና ከተጠጣ ወይም ሸክም ከወረደ ወዲያው መቁጠር አይገባም። ከዚያ አንዱን እጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጭን ላይ ማኖር። የሌላውን እጅ ሌባ ጣትና መካከለኛ ጣት ከአውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓው ላይ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ። በአውራ ጣት አይቆጠርም፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። አጥብቆ መጫንም አይገባም፤ ትርታው ይጠፋል። የሰኮንድ ቆጣሪ ያለው ማንኛውም ሰዓት ወይም የእጅ ስልክ ለዚህ ይበቃል። በ15 ሰኮንድ የተቆጠረውን በ4 ማባዛት ነው። 18 ምት ከተቆጠረ፣ 18 በ4 ሲባዛ 72 ይሆናል። ምቱ የሚዘል ወይም የሚዛባ ከሆነ ግን ሙሉውን ደቂቃ መቁጠር ይሻላል።

ያረፈ አዋቂ ሰው የልብ ምት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። የሕፃናት ከዚህ ይበልጣል። ረጅም ርቀት መሮጥ የለመደ ሰው ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለምትገፋ ከ60 በታች ቢሆንም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የውሃ ጥም፣ ድንጋጤና የደም ማነስ ምቱን ያፈጥኑታል።

ስፖርተኞች ሥራው ምን ያህል እንደከበደ ለማወቅ አንድ ሒሳብ አላቸው። ከ220 ላይ ዕድሜን ይቀንሳሉ። የሰዓቱ ባለቤት 50 ዓመቱ ነው፤ 220 ሲቀነስ 50፣ 170 ይሆናል። ልቡ በብርቱ ሥራ ጊዜ ልትደርስበት የምትችለው ከፍተኛው ቁጥር በግምት ይህ ነው። የ170 ግማሽ 85 ነው፤ ከመቶው 70 እጁ 119 ነው። በነዚህ መካከል ያለው መካከለኛ ሥራ ይባላል። ከ119 እስከ 145 ገደማ ያለው ከባድ ሥራ ነው። እንግዲህ ያ ዳገት፣ 131 ያለው፣ ከባድ ሥራ ነበር ማለት ነው። እሱም «ይህንን ለማወቅ ሰዓት አላስፈለገኝም» አለና አሳቀን።

ቀልዱ እውነትነት አለው። ሒሳቡ ግምት ነው፤ ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች ልባቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ የልብ ምትን ስለሚቀንሱ ሒሳቡ ለሚወስዷቸው ሰዎች አይሠራም። ሌላም መለኪያ አለ። እየሠራን መነጋገር ከቻልን፣ መዝፈን ግን ካቃተን፣ ሥራው መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃል ተናግረን ትንፋሽ ካጠረን ከባድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት ጎረቤታችን፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ሰዓቱን አሰረች። ሰዓቱ 61 አለ፤ ቆይቶ 140 አለ፤ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ። እጅ አንጓዋ ላይ ንቅሳት አላት። የንቅሳት ቀለም ብርሃኑን ስለሚያግደው ሰዓቱ አላነበበላትም። ባሏ «በሉ ተዉት፣ ያንቺን እጅ አልወደደውም» ብሎ ሊፈታላት ሲል፣ ከመካከላችን አንዷ «ቆይ፣ በጣት እንየው» አለች። ቁጭ ብላ ካረፈች በኋላ ተቆጠረ። በ15 ሰኮንድ 28። 28 በ4 ሲባዛ 112 ነው።

ተሳስተን ይሆናል ብለን ሌላ ሰው ቆጠረ። ያው ሆነ። እሷም «የሥራ ድካም ነው፤ ሁልጊዜ ይመታብኛል» አለች። ማግስቱን ማለዳ፣ ገና ከመኝታዋ ሳትነሣ ተቆጠረ፤ 27 ሆነ፤ 108 ማለት ነው። ተኝቶ ያደረ ሰው ምን ደከመው? ስንጠይቃት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሦስት ጊዜ እንደምታርፍ፣ ጎንበስ ብላ ስትነሣ ዓይኗ ላይ እንደሚጨልምባት ነገረችን። ለማንም አልተናገረችም ነበር። የመጨረሻውን ልጅ ከወለደች ወዲህ በየወሩ የሚፈሳት ደም በዝቶባታል።

ባሏ መጀመሪያ «የማይሠራ ሰዓት አስሮ ሰውን በሽተኛ ማድረግ ምንድን ነው?» ብሎ ተቆጣ። ቁጥሩ የሰዓቱ ሳይሆን የጣታችን መሆኑን አሳየነው፤ እሱ ራሱ ቆጠረ። በሁለተኛው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ከጣቷ ጥቂት ደም ተወስዶ ሲመረመር ደም ማነስ እንዳለባት ታወቀ። ደም ሲያንስ ያለችው ጥቂት ደም ቶሎ ቶሎ መዞር ስላለባት ልብ ትፈጥናለች። የብረት ንጥረ ነገር ያለበት ክኒን ተሰጣት፤ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከክኒኑ ጋር እንዳትጠጣ ተነገራት። የደሙ መብዛት ምክንያትም እንዲታወቅ ሌላ ቀጠሮ ተያዘላት።

መቁጠር ሕክምና አይደለም፤ ቁጥርም የበሽታውን ስም አይነግርም። አርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ምቱ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ሲቆጠር ከ100 በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት አለበት። ከ60 በታች ሆኖ ማዞር ወይም ድካም ያለበትም እንዲሁ። ደረቱን አጥብቆ የያዘው፣ ራሱን የሳተ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ግን ሰዓት መፈለግም ሆነ መቁጠር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።

ሰዓቱን ባለቤቱ አሁንም ያስረዋል። ባትሪው ሲያልቅ የፀሐይ መብራት ካለው ቤት ወስዶ ይሞላዋል፤ በአብዛኛው ግን ሰዓት ለማየት ነው የሚጠቀምበት። ጎረቤታችን በየእሑዱ ማለዳ የልብ ምቷን በጣቷ እየቆጠረች በልጇ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ትጽፋለች። ክኒኑን ከጀመረች ሦስት ወር ሲሆናት የጻፈችውን አሳይታናለች። 21 በ4 ሲባዛ 84። ማባዣውን ራሷ ነው የሠራችው። ውሃ ቀድታ ስትመለስም የምታርፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሾላው ሥር ነው፤ እዚያ የማያርፍ ሰው የለም።