ምዕራፍ 6፦ መጀመሪያ ማረፊያውን፣ ከዚያ ከረጢቱን

የገላባት ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት ነው፤ ለነጋዴ ደግሞ የሰሊጥ ጭነትና የጉምሩክ ሰልፍ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ከመተማ ማዶ ያለችው ይህች ከተማ የእግረኛ ተሳላሚዎች ከተማ ነበረች። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው ወደ መካ የሚጓዙት ተክሩሮች በዚህ ያልፉ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. ሲደርስ አገሩን የያዙት እነሱ ነበሩ፤ ከሐጅ ሲመለሱ አፈሩንና ውሃውን ወደውት እዚያው የቀሩ ሰዎች።

በ1814 እ.ኤ.አ. በሸንዲ አድርጎ ወደ ሱዋኪን የተጓዘው ስዊዛዊው ቡርክሃርት፣ ተክሩሮቹ ለዚህ ሁሉ መንገድ ምን ይዘው እንደሚወጡ ጽፏል። ወገብ ላይ የሚጠመጠም እራፊ ጨርቅ፣ የሱፍ ቆብ፣ በረጅም በትር ጫፍ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የስንቅ ቁርበት፣ የጸሎት መጽሐፍ ያለበት ማኅደር፣ መጻፊያ ሰሌዳ፣ ከትንሽ ቅል የተሠራ የቀለም ዕቃ፣ መጠጫም ምጽዋት መቀበያም የሚሆን ጣባ፣ ለውዱእ የምትሆን ትንሽ የሸክላ ዕቃ፣ መቁጠሪያ። በቃ።

ይህን አንብቦ «እምነት ካለ ስንቅ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ሸክማቸው የቀለለው ማረፊያቸውን አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው። በየት በየት መሄድ እንደሚቻል ያውቃሉ፤ አንደኛው መንገድ በሰናር፣ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይወርድ ነበር። የት ጉልበታቸውን ሸጠው የት ክታብ ጽፈው እንደሚያድሩ ያውቃሉ። የሐበሻ ክርስቲያን ቤቱ እንደማያስገባቸው፣ እራት ግን ደጅ ላይ እንደሚያጠግባቸው እርስ በርስ ተነጋግረዋል። ምጽዋ ሲደርሱ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ሠርተው የመርከቡን ያጠራቅማሉ፤ ወደ የመን ዳርቻ አንድ ብር፣ ወደ ጅዳ ሁለት፣ ያውም የዚያን ጊዜው ጠገራ። ለጉዞ ዕቅድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ዕቅዱ ለሁሉም ሠምሯል ማለት አይደለም። ሱዳን ውስጥ በጥጥ እርሻ ላይ «ትንሽ ሠርቼ እሄዳለሁ» እያሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ልጆቻቸውም ራሳቸውን እስከ ዛሬ መንገደኛ የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለ እነሱ ባዋ ያምባ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1995 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፏል።)

የዛሬ ሐጃጅ በአውሮፕላን ይሄዳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በእግር የሚታሰብ አይደለም። ከድንበሩ ወዲህ ግን የእግር ተሳላሚ አሁንም አለ፤ በመተማ በረሃ ወደሚገኘው ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም የሚወርደውን እንውሰድ። በወዲህ በኩልም ቢሆን የመንገዱን ሰላም የሚያውቀው በዚያው ሳምንት ያለፈ ሰው ነውና ሹፌርም ነጋዴም ሳይጠይቁ አይነሱ።

ሥላሴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል፤ ጥር 7 እና ሐምሌ 7። በዓሉ አንድ ነው፣ ጉዞው ግን ሁለት ዓይነት ነው። በጥር መሬቱ ደርቋል፣ ጅረቱ ጎድሏል፣ ሸክምዎ ውሃ ነው። በሐምሌ ውሃው ሞልቶ ራሱ ችግር ይሆናል፤ የቆላው ጥቁር አፈር ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ትናንት የተሻገሩት ወንዝ ዛሬ አያሻግርም። ስለዚህ ለሐምሌ ሲያቅዱ ወንዝ ዳር ቆሞ ለመጠበቅ የሚሆን ትርፍ ቀንና የዚያን ቀን ስንቅ ይጨምሩ። ሌላም ልዩነት አለ፦ የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። በሰኔ መጨረሻ የሚነሳ ሰው መንገዱን የሚጨርሰው በጾም ነውና ቅቤ የገባበት ጭኮ ለእሱ አይሆንም። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ደግሞ ከመነሳትዎ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በዚያ ወበቅ እየተራመዱ ውሃ ሳይቀምሱ ዘጠኝ ሰዓት መድረስ ቤት ተቀምጦ ከመጾም ጋር አንድ አይደለም።

ከጎንደር የሚነሳ ሰው አዘዞን፣ አይከልን፣ ነጋዴ ባሕርን፣ ገንዳ ውሃን ይዞ ነው የሚወርደው። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ 700 ሜትር ገደማ ወዳለው ቆላ ማለት ነው። ጋቢ አይከል ላይ ነፍስ ያድናል፣ ከገንዳ ውሃ ወዲያ ግን ትከሻ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው። ወይ እዚያው ለሚያውቁት ሰው አደራ ይስጡ፣ ወይ ከመነሻው ነጠላና አንድ ሹራብ ይዘው ይውጡ። ቁልቁለት ደግሞ ጣት ይገድላል፤ ጥፍርዎን ከመነሳትዎ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ይቁረጡ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ያድርጉ። አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግስቱ መነሳት እብደት ነው። የለመዱት በረባሶ ካልለመዱት ስኒከር ይሻላል።

እግር መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል። ያቃጠለ ዕለት፣ ያቃጠለ ሰዓት ቁጭ ብለው ፕላስተር ይለጥፉበት። ከቋጠረ ቆዳውን እንዳይልጡት፤ በፈላ ውሃ በተቀቀለ መርፌ ከጠርዙ ወግተው ውሃውን ያፍስሱ፣ ቆዳው እንዳለ ይሸፍኑት። ሰልፉ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ እያነከሰ የሚከተል ሰው በማግስቱ ሰው ተሸክሞት ነው የሚሄደው።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በቆላ ሙቀት የሚራመድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያልበዋል። እንግዲህ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቀጣዩ ውሃ ስንት ሰዓት ይርቃል? ለዚያ የሚበቃና አንድ ሊትር ትርፍ ይያዙ። ሙቀቱን ለማምለጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው እስከ ረፋዱ 4 ይራመዱ፣ ጥላ ሥር ይዋሉ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይቀጥሉ። ከጉድጓድም ከወንዝም የቀዱትን በውሃ አጋር አክመው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ይጠጡ። ተቅማጥ ከያዘዎት አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ነው። ፓኬቱ ካለቀ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ይተካዋል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ እናቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በጨው ከበጠበጡት ያላበዎትንም ይተካል። ዳቦ ቆሎ እየሄዱ ይበላል። በሐምሌ ሁለቱንም በፌስታል ደርበው ይቋጥሩ። ይህ ሁሉ ተጨምሮ ከክብደትዎ አንድ አሥረኛ ካለፈ ግን የሆነ ነገር ይቀራል፤ የሚቀረውም ሁለተኛው ሱሪ እንጂ አጎበሩ አይሁን።

አጎበሩን አጥብቄ የምናገረው ለወባ ብቻ ብዬ አይደለም። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ያለው ቆላ የካላዛር አገር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽዋ የአሸዋ ዝንብ ቀን የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ፣ ግራርና ኩይሳ አጠገብ ትደበቃለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። ደክሞት የመጣ ሰው ደግሞ ወደ ግራር ሥር ነው የሚሮጠው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በገዳሪፍ መንደሮች መድኃኒት የተነከረ አጎበር ካደሉ በኋላ በሽተኛው ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ከ12 ሰዓት በፊት ከኩይሳና ከግራር ራቅ ብለው ይስፈሩ፣ አጎበሩን ሰቅለው ጠርዙን ከምንጣፉ ሥር ይወትፉ፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌ ይልበሱ።

ካላዛር ወዲያው አይታወቅም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ነው የሚነሳው። ትኩሳቱ አልለቅ ካለ፣ ሰውነትዎ ከከሳ፣ ሆድዎ በግራ ጎኑ ካበጠ፣ የተመለሱበት ከተማ ሐኪም መተማ መውረድዎን ሊያውቅ አይችልም። የሄዱበትን ቦታና ወር ሳይጠየቁ ይንገሩት።