ፓቹ ተጽፏል፣ ማድረሻው ግን?

ከኢቶቢኮ በሰብዌይ መሐል ቶሮንቶ ስትደርሱ ሲክኪድስ የሕፃናት ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ላፕ-ቺ ጹይ በ1989 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር የሲስቲክ ፋይብሮሲስን ጂን አገኙ። በሽታው ሳንባን በወፍራም አክታ ይደፍናል። በአብዛኞቹ ታማሚዎች የጎደሉት 3 ፊደሎች ብቻ ናቸው፤ ለእኛ ለፕሮግራመሮች የአንድ ደቂቃ ሥራ!

ችግሩ ጤነኛውን ጂን ማድረሱ ላይ ነው። ዲኤንኤም የሴሉ ሽፋንም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ስለዚህ ጂኑን ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው ፖሊመር፣ ለምሳሌ በፖሊላይሲን፣ ይጠቀልሉታል። ረጅሙ ክር ተጨምቆ በናኖሜትር የሚለካ እሽግ ይሆናል፤ ዚፕ ፋይል በሉት። እሽጉ ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል፣ ሴሉም ይውጠዋል። ከዚያ ግን ከዋጠው ከረጢት አምልጦ ኒውክሊየስ መግባት አለበት፤ አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ቻርጁን ብንጨምርስ? ያው ቻርጅ ሽፋኑን ይጎዳና ሴሉን ይገድላል።

በ2004 በታተመ ሙከራ በፖሊላይሲን የታሸገው ጂን በታማሚዎች አፍንጫ ውስጥ ከፊል መሻሻል አሳይቷል። ሳንባው ገና ነው።