የክር መሰል ባክቴሪያዎች ዕድገት ጥናትና የአብነት ዝርያ ምርጫ፦ ስትሬፕቶማይሲስ ቬኔዙዌላይ

ከአፈር ስትሬፕቶማይሲስን ለይቶ ፀረ ባክቴሪያ ኃይሉን መፈተሽ በድኅረ ምረቃ ጥናቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ባክቴሪያው እንዴት እንደሚያድግ መጠየቅም ከዚህ የሚያንስ ጉዳይ አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚያመነጨው በአብዛኛው ከዕድገቱ ደረጃዎች ጋር ተያይዞ ነውና።

ኢኮላይ ረዝሞ ከመካከሉ ለሁለት ይከፈላል። ስትሬፕቶማይሲስ ግን ከስፖር በቅሎ እንደ ሻጋታ ክር ይዘረጋል፤ ቅርንጫፍም ያወጣል። አዲሱ የሕዋስ ግድግዳ የሚገነባው በክሩ ጫፍ ሲሆን፣ ሥራውን በዚያ የሚያሰባስበው ዲቭአይቪኤ የተባለ ፕሮቲን ነው። ምግብ ሲመናመን ክሮች ወደ አየር ይወጣሉ። ከዚያም ኤፍቲኤስዜድ የተባለው ፕሮቲን በአንድ ክር ላይ በርካታ ቀለበቶችን በአንድነት ሠርቶ ክሩ ወደ ስፖር ሰንሰለት እንዲከፋፈል ያደርጋል። ይህ ፕሮቲን ከኢኮላይ ቢጠፋ ሕዋሱ ይሞታል፤ ከስትሬፕቶማይሲስ ቢጠፋ ግን ክሩ ማደጉን ይቀጥላል፣ ስፖር መሥራት ብቻ ይሳነዋል። የክፍፍልን ሥርዓት ሕዋሱን ሳይገድሉ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ማግኘት ያስቸግራል።

ለአሥርተ ዓመታት አብነት ሆኖ ያገለገለው ዴቪድ ሆፕዉድና ባልደረቦቹ ያጠኑት ስትሬፕቶማይሲስ ኮኤሊኮሎር ነው። የአየር ክር የማያወጡት «ራሰ በራ» እና ግራጫ ስፖር የማይሰጡት «ነጭ» ልውጦች የዕድገቱን ተቆጣጣሪ ጂኖች አሳወቁ። በ2002 ይፋ የሆነው ጂኖሙም 8.7 ሚሊዮን ያህል የመሠረት ጥንዶችና 7,825 ጂኖች እንዳሉት ታወቀ። ችግሩ ይህ ዝርያ በተለምዶ ስፖር የሚሠራው በጠጣር ምግብ ላይ መሆኑ ነው። በአንድ ሳህን ላይ የሚያድገው፣ የሚሞተውና ስፖር የሚሆነው ተደባልቆ ይገኛል፤ ከዚያ የተወሰደ አርኤንኤ የሁሉንም አማካይ እንጂ የአንዱን ደረጃ አይናገርም።

ቬኔዙዌላይ፣ የክሎራምፌኒኮል ምንጭ የሆነው ዝርያ፣ በፈሳሽ ውስጥ በአንድ ቀን ገደማ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ስፖር ይለወጣል። ናሙናን በየሰዓቱ መውሰድ ደረጃን በየተራው መያዝ ይሆናል። በ2014 የታተመ ጥናት ሳይክሊክ ዳይጂኤምፒ የተባለው ሞለኪውል፣ አራት ሆኖ፣ ሁለት የቢኤልዲዲ ፕሮቲኖችን እንደሚያጣምርና ጥምሩ የስፖር ጂኖችን እንደሚያፍን አሳየ። በቬኔዙዌላይ ውስጥ ሞለኪውሉ ሲቀነስ ባክቴሪያው የአየር ክር ሳያወጣ ያለጊዜው ስፖር ይሆናል።

ይሁን እንጂ በፈሳሽ ውስጥ የአየር ክር ጉዳይ ይታለፋል። የውኃን የገጽ ውጥረት ቀንሰው ክሩን ወደ አየር የሚያሻግሩት ቻፕሊኖች ሥራ የሚታየው በሳህን ላይ ነው፤ በብልቃጥ ብቻ የተወሰነ ጥናት፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ግማሹን ዕድገት ይተዋል።

ከአፈር አዲስ ዝርያ ለይቶ ዕድገቱን ለመከታተል የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ በማልቶስ፣ በእርሾና በብቅል ጭማቂ በተዘጋጀ ፈሳሽ በ28 ወይም በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ እያናወጠ ያሳድገው፤ በማግስቱም ጠብታውን በፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ይመልከት። የስፖር ሰንሰለት ከታየ በሰዓት የተከፋፈለ ናሙና መውሰድ ይቻላል፤ ካልታየ ሥራው በሳህን ይቀጥላል።